በጌጤ ጋቢ ሥር የተፈለገው ሽጉጥ

የትናየት መንግስቴን የኬላው ሰፈር ሰው በስሟ አይጠራትም ነበር። «ፈታሿ» ነበር የሚላት። ከአርብ ገበያ ሽቅብ ወደ ንፋስ መውጫ የሚመጣ መኪና ሁሉ በዚያች ኬላ ያልፋል። ከፖሊሶቹ መካከል ሴት እሷ ብቻ ስለነበረች፣ ሴት በተጠረጠረች ቁጥር የምትጠራው እሷ ናት። ምሳ ቀርቦላት ይሁን፣ ልጇን እያጠበች ይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ወጥታ ይሁን፣ «የትናየት ትምጣ» ይባላል። የጀመረችውን ትታ ትመጣለች።

የእስቴ ልጅ ናት። አባቷ ገብስና ባቄላ አምራች ገበሬ ናቸው። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት በተቀመጠችበት ዓመት የፖሊስ ቅጥር ማስታወቂያ ወጣና ተመዘገበች፤ ከዚህ የተለየ ምክንያት አልነበራትም። እናቷ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። ሲከፋቸው «የሰው ጨርቅ ስትዳስስ የምትውል» ይሏታል።

ማሠልጠኛ ሳለች አንድ ነገር ገጥሟታል። ሠልጣኞቹ ለልምምድ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲፈታተሹ፣ የእሷ አጋር ከሌላ ልጅ ጋር እያወራች፣ አንዴም ፊቷን ሳታይ፣ እንደ እህል ስልቻ አገላብጣ ዳበሰቻት። የትናየት አልተቆጣችም። ብቻ እዚያ ቦታ ላይ የሌለች መሰላት፤ ስሜቱም ቀኑን ሙሉ አልለቀቃትም። ከዚያ ወዲህ የምትፈትሻትን ሴት ፊት ሳታይ እጇን አታሳርፍም። ልታደርግ ያሰበችውንም አስቀድማ ትናገራለች። «አሁን መቀነትሽን ልፈታ ነው።» «አሁን ክንድሽን አንሺልኝ።» ባልደረቦቿ ይስቁባታል። «አንቺ ፍተሻውን ቅዳሴ አደረግሽው፤ ተሰጥኦ መቀበል ብቻ ነው የቀረን» ይላታል ኮንስታብል አለሙ።

ነገሩ የደረሰው በግንቦት መግቢያ፣ ገበያ በሚቆምበት ቀን ነው። የኬላው አለቃ ሳጅን መሐሪ ስልክ ሲያነጋግር ቆየና ፊቱ ተለዋውጦ ከድንኳኑ ወጣ።

«ከወገዳ በኩል የሚመጣውን ነጭ ሚኒባስ አቁሙት» አለ። «ጌጤ የምትባል ሴት አለች። የሟች ባሏን ሽጉጥ ሆዷ ላይ አስራለች ተብሏል። ፈቃድ የሌለው ሽጉጥ ነው። ደብረ ታቦር ለሚቀበላት ሰው ልታስረክብ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ይህን የጠቆመንን ሰው ሊገድልበት ነው ተብሏል።»

«ማነው የጠቆመው?» አለች የትናየት።

«የባሏ ታላቅ ወንድም። ቢሻው ይባላል። ስሙን አልደበቀም፣ በሞተር ሳይክል እየተከተላት ነው። ዛሬ ማለዳ ወገዳ፣ ከቤቷ ደጃፍ ላይ፣ ስትታጠቀው በዓይኔ አይቻለሁ አለ። የሽጉጡን እጀታ እንኳ ነግሮኛል፣ በቀይ ክር የተጠመጠመ ነው።»

የትናየት ከዚህ ቀደም «አካሄዷ አላማረኝም» በሚል ብቻ ፈትሺ ስትባል ከመሐሪ ጋር ተጋጭታ ታውቃለች። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። አየሁ የሚል ሰው አለ፤ ስሙ ይታወቃል፤ የተባለው ዕቃ ይታወቃል፤ ያለበት ቦታም ተነግሯል። ይህን ሰምቶ መኪናውን ዝም ብሎ ማሳለፍ አይቻልም።

«በሚኒባሱ ያሉት ሴቶች ሁሉ ይፈተሹ?» አለ አለሙ።

«ሌሎቹ ምን አደረጉ?» አለችው። «የተጠረጠረችው አንዲት ናት።»

መሐሪ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሚኒባሱ አቧራውን አስነስቶ ከኩርባው ብቅ ሲል ገመዱ ተወጠረ።

ጌጤን ለማወቅ አላስቸገረም። ከኋላ ወንበር፣ ከመስኮቱ ጥግ፣ ጥቁር የለበሰች ገና ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ፀሐዩ ከርሮ ሰው ሁሉ የደረበውን አውልቆ ጭኑ ላይ ሲያስቀምጥ እሷ ወፍራም ጋቢ እስከ አገጯ ተከናንባለች። ስሟ ሲጠራ ወረደች። ሁለት እጆቿ ከጋቢው ሥር ናቸው፤ ሆዷን ጭምቅ አድርጋ ይዛለች።

«እጅሽን አውጪ» አለ መሐሪ።

አላወጣችም።

«እጅሽን አውጪ እያልኩሽ ነው!»

ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች። አለሙ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ደገነ። ገና ልጅ ነው፤ አፈሙዙ ሲንቀጠቀጥ የትናየት አየች። ወርዶ ሲያይ የነበረው ተሳፋሪ ከሚኒባሱ ጎን እየተጋፋ ሸሸ። አንዲት አሮጊት በስመ አብ ማለት ጀመሩ።

የትናየት ምን እንዳሰበች ኋላም ልትናገር አልቻለችም። በአለሙና በሴትዮዋ መካከል ገብታ ወደ ጌጤ ተራመደች። ሽጉጡ ካለ የሚተኮሰው በእሷ ላይ ነው፤ ይህን ታውቃለች። እየተራመደች የጌጤን ዓይን ታያለች። ሊተኩስ የተዘጋጀ ሰው ዓይን እጅ እጅን ያያል። ይህቺ ሴት ግን መንገዱን ነበር የምታየው፣ የመጣችበትን አቅጣጫ።

«የትናየት እባላለሁ» አለቻት። «ፖሊስ ነኝ። ሽጉጥ ይዘሻል ተብሎ ተጠቁሟል። ያንን ነው የምፈልገው፤ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። እጆችሽን ቀስ አድርገሽ አውጪና አሳዪኝ። ማንም አይነካሽም።»

ጌጤ እጆቿን አወጣች። ባዶ ናቸው። የትናየት ያዘቻቸው። አለሙ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ።

የሞተር ሳይክሉ ድምፅ የተሰማው ያኔ ነው። ቢሻው ረጅም፣ ደረቱ የሰፋ ሰው ነው፤ ከኋላው አንድ ዘመዱን አፈናጦ መጣ። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

«ያዛችኋት? ደግ አደረጋችሁ» አለ። «በሉ እዚሁ ትፈተሽ። ከሰው ፊት። ውስጥ ካስገባችኋት ትጥለዋለች፣ ወይ ታስጥለዋለች። እኛ እያየን ትግለጠው።»

ተሳፋሪው ያንን ሰምቶ አጉረመረመ። ከገበያ የሚመለስ ሰውም እየቆመ ተጨመረ። «እውነቱን ነው» ያለ ነበር፤ «መንገደኛ እናስቸግራለን፣ ቶሎ ይፈተሽና እንሂድ» ያለም ነበር። ሕዝቡ እየከበባቸው መጣ።

መሐሪ የትናየትን ወደ ጎን ጠራት። «ጋቢዋን ብቻ እዚሁ አስወልቂያት። ሆዷ ላይ ከሆነ በዓይን ይታያል። ሕዝቡም ይረጋጋል።»

«አይሆንም፣ ሳጅን።»

«ሴትን ሴት ትፈትሽ ነው የሚለው ሕጉ። አንቺ ሴት ነሽ። ምን ቀረ?»

«ክብሯ ቀረ» አለች። «እኔ የምፈትሻት ይኼ ሁሉ ወንድ ቆሞ እንዲያይ ከሆነ የእኔ ሴትነት ምን ጠቀማት? እዚያ ሱቅ ጓዳ አስገባታለሁ። ባለ ሱቋ እማኝ ይሁኑን። በሩ ላይ እርስዎ ይቁሙ። ሽጉጥ ካላት ይዤው እወጣለሁ።»

«ብትተኩስብሽስ?»

መሐሪ ሕዝቡን አየ፣ ቢሻውን አየ፣ በጥርሱ መካከል ትንፋሹን ሳበ። «ግቡ» አለ።

ባለ ሱቋ ውባንቺ ጨውና ሳሙና የምትሸጥ፣ በዕድሜ የገፋች ሴት ናት። የጓዳውን መጋረጃ ገልጣ አስገባቻቸውና ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆመች። ከውጭ የቢሻው ድምፅ ይሰማል፤ በሩ ላይ ከቆመው መሐሪ ጋር ይጨቃጨቃል።

የትናየት በቅድሚያ ጥቅሏን ፈታች። ልብስ፣ ትንሽ በሶ፣ አንድ ጥንድ ጫማ። ምንም የለም።

«አሁን ጋቢሽን ላወልቅ ነው።»

«እህቴ፣ አትንኪኝ» አለች ጌጤ በሹክሹክታ። «በማርያም ይዤሻለሁ። ሽጉጥ የለኝም።»

«ላምንሽ እችላለሁ፤ ግን ሳላይ የለም ልል አልችልም። ሳላይ የለም ካልኩ እነዚያ ውጭ ያሉት ራሳቸው ሊያዩ ይነሳሉ።»

ጋቢው ወረደ። ከቀሚሱ በታች፣ ከጡቷ ሥር እስከ ዳሌዋ፣ በረጅም አቡጀዲ ጥብቅ ተደርጋ ተጠምጥማለች። የትናየት እጇን ስታሳርፍ ከጨርቁ ሥር ያለው ጠንካራ ነው። በዚያው ቅጽበት ከመዳፏ ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ገፋ አድርጎ ተመለሰ። የትናየት ሁለት ልጅ ወልዳለች። ምን እንደሆነ ለማወቅ ማሰብ አላስፈለጋትም።

«ወሩ ገፍቷል» አለች ጌጤ። እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። «እሱባለው ሲሞት ገና አልታወቀኝም ነበር። ቢሻው የባሌን መሬት ለቅሶው ሳይወጣ አርሶታል። ልጅ ከተወለደ መሬቱ የልጁ ነው። ሰው ማርገዜን መጠርጠር ሲጀምር፣ ሆዷ ካበጠ የወንድሜ አይደለም፣ ከነሆዷ ገደል ነው የምጥላት ብሎ ምሏል። ደብረ ታቦር እህት አለችኝ። እዚያ ልውለድ ብዬ ነው የጠፋሁት። ሽጉጡንማ የወሰደው እሱ ነው፤ በቀብሩ ማግሥት ከሣጥን አወጣው።»

ውባንቺ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የትናየት እዚህ ላይ ልታቆም ትችል ነበር፤ እጇም ለማቆም ቃጥቶት ነበር። ነገር ግን ጥምጥሙ ወፍራም ነው። በእርጉዝ ሆድ ላይ ሽጉጥ ሊታሰር አይችልም ያለ ሰው የለም። ካልፈታችው፣ ውጭ ወጥታ «የለም» የምትለው ቃል ግማሹ እውነት፣ ግማሹ አዘኔታ ነው የሚሆነው። ይህን ስታስብ ራሷን ጠላች።

«አሁን ጨርቁን ልፈታው ነው» አለች። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ፈታችው። ዙር በዙር፣ እስከ መጨረሻው። ሆዷ ከእስራቱ ሲወጣ ጌጤ አየር ሳበች፤ ለረጅም ጊዜ ትንፋሽ ያላገኘ ሰው እንደሚስብ። ቆዳዋ በጨርቁ ጠርዝ ተሰንብሯል። ሽጉጥ የለም። ጥይት የለም። በጀርባዋም፣ በጭኗም፣ በጫማዋም የለም።

«መልሼ ካልጠመጠምኩት ያያሉ» አለች ጌጤ።

«ላላ እናደርገዋለን። ልጁ መተንፈስ አለበት።» ሦስቱም ሴቶች አብረው ጠመጠሙት። የትናየት ወደ ውባንቺ ዞረች። «እማማ፣ እርስዎ እማኝ የሆኑት ሽጉጥ አለ ወይስ የለም በሚለው ነው። ሌላውን አላዩም።»

«ምን አየሁና» አለች ውባንቺ።

ወጡ። ቢሻው አንገቱን አስግጎ የትናየትን እጅ አየ፤ ባዶ ነው።

«ሽጉጥ የለም» አለች የትናየት ለመሐሪ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ጥይትም፣ ሌላ ሕግ የሚከለክለው ዕቃም የለም። ሙሉ በሙሉ ፈትሻታለሁ፤ እማኟ ወይዘሮ ውባንቺ ናቸው።»

«ሆዷ ላይስ?» አለ ቢሻው። «ሆዷ ላይ ምን አለ?»

«ሽጉጥ የለም አልኩ።»

«ሽጉጡን ተይው! ሆዷን አየሽው አይደለም? ምን እንዳየሽ ተናገሪ!»

መሐሪ ቀስ ብሎ ወደ ቢሻው ዞረ። የትናየት የተናገረችው ውሸት እንዳይሆን፣ ያልተናገረችውም በፊቷ ላይ እንዳይነበብ ትፈራለች። «እኔ የታዘዝኩት ሽጉጥ እንድፈልግ ነው» አለች። «ፈልጌ አጣሁ። የሰውነቷን ነገር ለማንም አልናገርም።»

«እንግዲያው እኔው አያለሁ!» ቢሻው ተወርውሮ የጌጤን ጋቢ ጠርዝ ያዘ። ጌጤ ጮኸች። የትናየት በሁለት እጇ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች፤ እንደ ሕፃን አወዛወዛት። ዘመዱም ሊያግዘው ሲነሳ አለሙ የጠመንጃውን ሰደፍ በመካከላቸው አስገባና ደረቱን ገፋው። መሐሪ ቢሻውን ከኋላ አንቆ ሚኒባሱ ላይ አስደገፈው።

«አንተ ሰውዬ» አለ መሐሪ እያለከለከ፣ «ይህን ሽጉጥ ስትታጠቅ መቼ ነው ያየሃት?»

«ነገርኩህ እኮ። ዛሬ ማለዳ። ወገዳ፣ ከደጃፏ።»

«ረዳቱ የታለ?» አለ መሐሪ።

የሚኒባሱ ረዳት ከሕዝቡ መካከል ወጣ። የት እንደተሳፈረች ሲጠየቅ፣ ለምን እንደሚጠየቅ ሳያውቅ እውነቱን ተናገረ። «እሷን የጫንናት አርብ ገበያ ነው። ከወገዳ ከእኛ ጋር አልተነሳችም።»

«ትናንት ነው ከወገዳ የወጣሁት» አለች ጌጤ። «አርብ ገበያ አክስቴ ቤት ነው ያደርኩት። ደውላችሁ ጠይቁ።»

ተደወለ። አክስትየዋም ይህንኑ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ውስጥ «ቶሎ ይፈተሽና እንሂድ» ያለው ሰው ድምፁ ጠፋ። አሮጊቷ ብቻ ወደ ጌጤ ቀረብ ብለው የተጎተተውን ጋቢ ትከሻዋ ላይ አስተካከሉላት፤ ሲያስተካክሉም እጃቸው ሆዷ ላይ ጥቂት ቆየ። ተረድተዋል። አንድ ቃል አልተነፈሱም። እጇን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጧት፤ ሚኒባሱም ሄደ።

ቢሻው ቀረ።

ጌጤ ሽጉጡን የወሰደው ቢሻው ነው ማለቷን የትናየት ስትነግረው መሐሪ ደሙ ፈላ። «ሽጉጡ እሱ ቤት ነው ያለው። ለወገዳ ባልደረቦቻችን ልደውልና አሁኑኑ ገብተው ይበርብሩት» አለ። የትናየትም ልቧ ይህንኑ ነበር የፈለገው። ሆኖም ቤቱን የሚያስበረብረው የጌጤ ቃል ብቻ ነው፤ ያለ ትእዛዝ እንዲገቡ የሚያባርሩት ሰው ሮጦ አልገባበትም፤ ሰውየውም እጃቸው ላይ ነው። «የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይውጣ» አለች፤ ስትናገረው ቃሉ መረራት። መሐሪ እያጉረመረመ ተስማማ። ትእዛዙ ወጣ፤ የወገዳ ፖሊሶች በቀን ብርሃን፣ የቀበሌ ሰዎች ባሉበት ቤቱን ከጎተራ እስከ በረት በረበሩ። ሽጉጥ አልተገኘም። ምናልባት ያ ዘመዱ ቀድሞ ደርሶ ይሆናል፤ ምናልባትም መጀመሪያውኑ ሌላ ቦታ ነበር። ቢሻው በሐሰት ጥቆማ ተከሶ በዋስ ወጣ። ኋላ የተፈረደበትም ቀላል ነበር።

የትናየት ያን ክረምት እንቅልፍ አልነበራትም። ትእዛዝ ይውጣ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሽጉጡ ሳይገኝ የቀረው በእኔ ነው ትላለች። ባሏ ልመንህ አስተማሪ ነው፤ «ያለ ትእዛዝ የሰው ቤት ቢገቡ ኖሮ፣ ነገ የእኛም ቤት በዚያው መንገድ ሲበረበር ምን ትያለሽ?» ይላታል። ትሰማዋለች። አያሳርፋትም። ሰፈሩ ውስጥም «ፈታሿ ለሴቶች ታዳላለች» የሚል ወሬ ተነዛ፤ ከቢሻው በኩል እንደመጣ ታውቃለች። ውባንቺ ግን ስትጠየቅ «እኔ የማውቀው የጨው ዋጋ ነው» ከማለት አላለፈችም።

መስከረም ጠብቶ ብዙም ሳይቆይ ከደብረ ታቦር የመጣ መኪና ኬላው ላይ ቆመ። ጌጤ ወረደች። ጥቁሯን አልቀየረችም፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች።

«ወዴት ነው?» አለቻት የትናየት፣ ደንግጣ።

«ወገዳ። ለመሬቱ ክርክር ቀን ተቆርጧል።»

«እሱ አለ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ጌጤ። «ሳልቀርብ ብቀር ለእሱ ይወሰንለታል።»

የትናየት ድንኳን ገብታ ጌጤን የሚጠብቅ ሰው ወገዳ ይመደብ ብላ መሐሪን ጠየቀችው። መሐሪ ስልኩን አነሳና ወገዳ ላለ ባልደረባው ደወለ፤ የጌጤን ስም፣ የምትወርድበትን መኪና ነገረው። ስልኩን ዘጋ። «ያን ዕለት ጋቢዋን እዚያው አስወልቂያት ብዬሽ ነበር» አለ። «አዎ፣ ብለውኝ ነበር» አለች።

ቢሻው በክርክሩ ላይ ልጁ የወንድሜ አይደለም አለ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ግን ወሩን ቆጥረው፣ የሕፃኑን ግንባርና ጆሮ አይተው የእሱባለው ነው አሉ፤ መሬቱም በልጁ ስም ሆነ። ጌጤ ለብቻዋ እዚያ ለመኖር አልደፈረችም። እርሻውን ለአንድ ጎረቤት በእኩል ሰጥታ ደብረ ታቦር እህቷ ዘንድ ተመለሰች። በመኸር እህሏን ልትወስድ ስትመጣ በኬላው ታልፋለች፤ በመጣች ቁጥርም ዓይኗ መንገዱን ሲቃኝ የትናየት ታያለች።

የትናየት አሁንም እዚያው ናት። አሁን ሁለተኛ ሴት ፖሊስ ተመድባለች፤ ገና ከማሠልጠኛ የወጣች፣ እጀ ፈጣን ልጅ። በቀደም አንዲት በዘረፋ የተጠረጠረች ሴት ተይዛ ይህቺ ልጅ ልትፈትሻት ጓዳ ስታስገባት የትናየት በሩ ላይ ቆመች፤ ከውስጥ ድምፅ ሳይሰማ ጥቂት ቆየ።

«ንገሪያት እንጂ» አለች የትናየት በመጋረጃው በኩል። «ምን ልታደርጊ እንደሆነ ንገሪያት።»